«በአንድ ቻርጅ ስንት ትሄዳለች?» — ከሲራራ ነጋዴ እስከ ፈጣን ቻርጀር

አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው አንዲት ጥያቄ ሳይጠየቅ ውሎ አይገባም። ፓርኪንግ ጠባቂው፣ የጎረቤት ልጅ፣ ሠርግ ላይ አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ፣ የሚስቱ አጎት… ሁሉም አንድ ናቸው። «በአንድ ቻርጅ ስንት ትሄዳለች?» መልሱ ያው ቁጥር ነው። 300፣ 400፣ ጉራ ከተጨመረበት ደግሞ 600። ጠያቂው ቁጥሩን ይሰማና በልቡ «እንግዲያው ሐዋሳ ታደርሳለች» ብሎ ያሰላል። ትንሽ ዝም ይልና ይቀጥላል፦ «መንገድ ላይ ብትቆምብህስ?»

እኛ ዛሬ የምንለው ይህቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ ከመጀመሪያዋ እጅግ ትበልጣለች ነው። መኪናዋ ስንት ትሄዳለች የሚለውን ፋብሪካው መልሶታል። ስትቆም የት ትቆማለች፣ ማን ያስተናግዳታል፣ ስንት ሰዓት ታድራለች የሚለውን ግን የሚመልሰው መንገዱና አገሩ ነው። የሰው ልጅ የረጅም መንገድ ታሪክ ደግሞ ከጥንትም ጀምሮ የማረፊያ ታሪክ ነው። ካላመናችሁን አብረን እንሂድ። (ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልን በቀር የፈረንጅ ናቸው።)

ሣርና ውኃ ያለበት

ሲራራ ነጋዴ መንገዱን በኪሎ ሜትር ለክቶ አያውቅም። ከእናርያና ከከፋ የተነሣው ቡና፣ ወርቅና ዝባድ በጎጃሙ ባሶ ገበያ አድርጎ፣ በጎንደር አልፎ፣ በዓድዋ ወርዶ ምጽዋ እስኪደርስ ድረስ ወራት ይፈጃል። ነጋዴው ሲጠየቅ «እዚህ ቦታ የሁለት ቀን መንገድ ነው» ነው የሚለው። የአንድ ቀን መንገድ ማለት ደግሞ የተጫነ አህያ ወይም በቅሎ ከአንድ ውኃና ሣር ተነሥቶ ሳይመሽ ሌላ ውኃና ሣር ጋ የሚደርስበት ርቀት ነው። ሜዳ ከሆነ ይረዝማል፤ ዳገት ከሆነ ያጥራል። በክረምት ወንዝ ሲሞላ ጭራሽ ይዘጋል።

ልብ በሉ! ይህ የነጋዴው አቆጣጠር ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ከሚሠራው ስሌት ጋር አንድ ነው። የመኪናዋ ኮምፒውተርም ርቀቱን ብቻ አይቶ አይወስንም። ዳገቱን፣ ፍጥነቱን፣ ብርዱንና ሙቀቱን ደምሮ «እዚህ ከተማ ስትደርስ 14 በመቶ ይቀርሃል» ይላል። የሲራራው አለቃ ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ ነበር የሚያሰላው። በዚያ ላይ ኬላው፣ ሽፍታውና የቀረጥ ተቀባዩ ጠባይ አለበት።

ከዚያ ባቡር መጣ። ባቡር ይህን ጣጣ ያስቀረ ይመስላል፤ ነገር ግን የእንፋሎት ባቡርም እንደ በቅሎ ይጠማዋል። የጅቡቲው ሐዲድ በ1902 መገባደጃ ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ከተራራ ላይ ናትና ባቡሩ ወደ እርሷ መውጣቱን ትቶ ከሥሯ ሜዳ ላይ ቆመ። በቆመበትም ከተማ በቀለች። እስቲ አስቡት… ለዘመናት የንግድ መናኸሪያ የነበረችው ሐረር በአንድ የመሐንዲስ ውሳኔ ከዋናው መስመር ወጣች፤ ትናንት ያልነበረችው ድሬዳዋ ጋራዥ፣ መጋዘን፣ ሆቴልና ፈረንሳይኛ የሚናገር ሠራተኛ አገኘች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። መጀመሪያ አካባቢ ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለነበር መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ነበር የሚደርሰው። አዋሽ ጣቢያ ላይ ያለው አሮጌው የባቡር ሆቴል የዚያ አዳር ትዝታ ነው።

ይህን የምናወራው ለትዝታ ብለን አይደለም። ማረፊያን የሚመርጥ ሰው ከተማን እንደሚመርጥ ያዙልን። በኋላ እንመለስበታለን።

ቤንዚን ከፋርማሲ

አሁን ወደ ጀርመን። ጊዜው ነሐሴ 1888 ነው። ካርል ቤንዝ የሚባለው መሐንዲስ መኪና ሠርቷል፤ የሚገዛው ግን የለም። ሚስቱ ቤርታ ቤንዝ ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ ባሏ ሳያውቅ፣ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም እናቷ ቤት ተነሣች። መንገዱ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። እስከዚያ ቀን ድረስ በመኪና ይህን ያህል የሄደ ሰው አልነበረም።

ነዳጁ መንገድ ላይ አለቀ። ማደያ የሚባል ነገር ገና በዓለም ላይ አልተፈጠረም። ቤርታ ግን የመኪናው ነዳጅ ከምን እንደሚገኝ ታውቅ ነበር፤ ልብስ ለማጽዳት ከሚሸጥ «ሊግሮይን» ከሚባል ፈሳሽ ነው። ቪስሎኽ የምትባል ትንሽ ከተማ ገብታ ከፋርማሲ ገዛች። ያ ፋርማሲ ዛሬ «የዓለም የመጀመሪያው ነዳጅ ማደያ» እየተባለ ይጎበኛል። የነዳጅ ቱቦው ሲደፈን በባርኔጣ መርፌዋ ከፈተችው። ፍሬኑ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ጋ ወስዳ ቆዳ አስለበጠችው። ፋርማሲስት፣ ጫማ ሰፊ፣ ውኃ ከየጉድጓዱ… እንግዲህ የመኪና ረጅም ጉዞ የተጀመረው ለመኪና ባልታሰበ አገር ላይ፣ ያለውን እየተጠቀሙ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ ፈረንሳይ ውስጥ ሚሽላን የተባለው የጎማ ድርጅት አንዲት ቀይ መጽሐፍ አሳተመ። በ1900 35 ሺህ ቅጂ በነፃ አደለ። ዛሬ ሬስቶራንቶችን ኮከብ በመስጠት የምናውቃት ያቺ መጽሐፍ ስትጀመር ሥራዋ ሌላ ነበር፤ ነዳጅ የት ይሸጣል፣ መካኒክ የት አለ፣ የት ይታደራል የሚለውን ለሹፌሩ መንገር። ድርጅቱ ጎማ ሻጭ ነው። ሰዎች ሩቅ ካልሄዱ ጎማ አያልቅም፤ የሚያርፉበትን ካላወቁ ደግሞ ሩቅ አይሄዱም። ብልጥ ነጋዴ ማለት እንዲህ ነው።

ኤሌክትሪክ አንዴ አሸንፎ ነበር

ብዙዎቻችን የኤሌክትሪክ መኪና የትናንት ፈጠራ ይመስለናል። በ1900 አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት 4,200 ገደማ መኪኖች ውስጥ በቤንዚን የሚሠሩት ከአንድ ሺህ ያነሱ ነበሩ። 1,575ቱ ኤሌክትሪክ ነበሩ። የቀሩት በእንፋሎት ይሄዱ ነበር። የኤሌክትሪኳ መኪና ጭስ የላትም፣ ጩኸት የላትም፣ በማኑዌላ እየተሽከረከረች ክንድ አትሰብርም። የሄንሪ ፎርድ ሚስት ክላራ ሳይቀሩ የሚነዱት ባላቸው የሠራውን መኪና ትተው «ዲትሮይት ኤሌክትሪክ» የምትባለዋን ነበር። (የፎርድን ፊት ለማየት ያላችሁ ጉጉት ይገባናል።)

ኦሊቨር ፍሪችል የሚባል የዴንቨር መኪና ሠሪ በ1908 መኸር ላይ ይህቺን ነገር ሊፈትናት ተነሣ። የሠራት መኪና በአንድ ቻርጅ 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይል ነበር። ከሊንከን፣ ኔብራስካ ተነሥቶ ወደ ኒው ዮርክ ነዳት። አንድ ወር ገደማ ፈጀበት፤ ደረሰ። መንገዱን ያወጣው ኃይል በሚገኝባቸው ከተሞች ላይ ነበር። ጋራዥ ካለ ጋራዥ፣ ጋራዥ ከሌለ የከተማው መብራት ማመንጫ።

ታዲያ ለምን ተሸነፈች? በትምህርት ቤት የተነገረን መልስ ሦስት ነው። የፎርድ ርካሽ መኪና በ1908 ወጣች፤ ቴክሳስ ውስጥ ከ1901 ጀምሮ ነዳጅ እንደ ጉድ ፈለቀ፤ በ1912 ደግሞ ካዲላክ በኤሌክትሪክ የሚነሣ ሞተር አመጣና ማኑዌላ ቀረ። ሁሉም እውነት ነው። እኛ ግን አራተኛ እንጨምራለን፤ መብራት ከከተማ አልወጣም ነበር።

በ1930ዎቹ አጋማሽ እንኳ አሜሪካ ውስጥ ከአሥር የከተማ ቤቶች ዘጠኙ መብራት ሲኖራቸው፣ ከአሥር የገበሬ ቤቶች መብራት ያለው አንዱ ብቻ ነበር። መኪና ግን ገጠር ገብቷል። ቤንዚን ማደያ ሳይጠብቅ በጣሳ ተጭኖ፣ ከጨውና ከሳሙና ጋር ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ ይሸጥ ነበር። ይህን ለማመን ታሪክ ማገላበጥ አያስፈልገንም። ከአዲስ አበባ ወጣ ስትሉ በመንገዱ ዳር በሃይላንድ ተሞልቶ የተደረደረውን ቤንዚን አይታችሁ የለ? ቤንዚን በሃይላንድ ይሸጣል። መብራት በሃይላንድ አይሸጥም። የኤሌክትሪክ መኪና የመጀመሪያ ሽንፈት በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል።

54 ጣቢያ፣ አንድ ውርርድ

አሁን ወደምንወደው ታሪክ ደረስን። 1968። ሎስ አንጀለስ በጭስ ታፍናለች። ካልቴክ በሚባለው የቴክኖሎጂ ተቋም የሚማር ዎሊ ሪፐል የተባለ ወጣት አንድ አሮጌ የቮልስዋገን ሚኒባስ ወደ ኤሌክትሪክ ቀየረና በአገሪቱ ሌላ ጫፍ ላሉት የኤምአይቲ ተማሪዎች የውድድር ጥሪ ላከ። ሕጉ ቀላል ነው። እኛ ከፓሳዲና ወደ ካምብሪጅ እንመጣለን፣ እናንተ ከካምብሪጅ ወደ ፓሳዲና ኑ፤ ቀድሞ የገባ ያሸንፋል። መንገዱ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ኤምአይቲዎች እሺ አሉ። መኪናቸው ኮርቬር ነበረች። የጫኑባት የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ዋጋ 20 ሺህ ዶላር ይገመት ነበር። የካልቴኮቹ የእርሳስ ባትሪ 600 ዶላር።

ከሁሉም በላይ የሚገርመን ግን መኪኖቹ አይደሉም። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የባትሪ ድርጅቱና በየአካባቢው ያሉ የመብራት ኩባንያዎች ተባብረው በመንገዱ ላይ 54 ቻርጅ ማድረጊያ ቦታዎች አዘጋጁ። በአማካይ በየ95 ኪሎ ሜትሩ አንድ ማለት ነው። ይህ በዓለም ላይ ለኤሌክትሪክ መኪና ረጅም ጉዞ ታስቦ የተዘረጋ የመጀመሪያው አገር አቋራጭ መስመር ነው ብንል ብዙ የሚከራከረን አናገኝም። ለስምንትና ዘጠኝ ቀን የቆየ፣ ለሁለት መኪና ብቻ የተዘረጋ መስመር!

ነሐሴ 26 ተነሡ። የሆነው ሁሉ ዛሬ ፈጣን ቻርጀር የሚጠቀም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ባትሪ በፍጥነት ሲሞላ ይግላል። ኤምአይቲዎች የግለቱን ነገር መላ ሲያጡለት በየጣቢያው በረዶ እየገዙ ባትሪው ላይ ያፈሱ ጀመር። የካልቴኮቹ ሞተር አሪዞና ላይ ተበላሽቶ ሌላ ሞተር እስኪመጣ አንድ ቀን ገደማ ቆሙ። በመጨረሻም የኤምአይቲ መኪና ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ቀድማ ፓሳዲና ደረሰች።

አሸነፉ ስትሉ… አላሸነፉም። መኪናቸው መንገድ ላይ በሌላ መኪና ተጎትታ ነበርና በሕጉ መሠረት የቅጣት ሰዓት ተጨመረባት። ሒሳቡ ሲወራረድ ካልቴክ በ30 ደቂቃ አሸነፈ፤ ሰዓቱም 210 ሆኖ ተመዘገበ። በ600 ዶላር ባትሪ!

ትምህርቱ ምንድን ነው? ውዱ ባትሪ፣ ፈጣኑ መኪና፣ ትልቁ ቁጥር ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። የመጨረሻውን ሒሳብ የሚያሸንፈው ግን በጣቢያና በጣቢያ መካከል ሳይጎተት የሄደው ነው። ሪፐል ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ለኤሌክትሪክ መኪና ሰጠ። በ1990ዎቹ ጄኔራል ሞተርስ ባወጣት የኤሌክትሪክ መኪና ሥራ ውስጥም፣ በኋላም ቴስላ ውስጥ ስሙ አለ።

«ሻይ ቢጤስ?»

ከ1968 በኋላ ያለው አርባ ዓመት ብዙ አያስተርክም። በ2010 ግን ጃፓኖች ለፈጣን ቻርጅ አንድ የጋራ መስፈርት አወጡና ስሙን «ቻዴሞ» አሉት። ስሙ በጃፓንኛ የቃላት ጨዋታ አለው፤ «መኪናው ቻርጅ እስኪያደርግ ሻይ እንጠጣ እንዴ?» የሚል ስሜት ይሰጣል። ሰዎቹ ቻርጀሩን ገና ሲያስቡት ማረፊያውንም አብረው አስበዋል። እኛ ብንሆን «ቡና» ብለን እንሰይመው ነበር፤ ግን የእኛ ቡና እስከ ሦስተኛው በረካ ድረስ ነውና መኪናዋ ሞልታ ትጨርሳለች።

በመስከረም 2012 ቴስላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስድስት ፈጣን ጣቢያዎች ከፈተ። በ2014 መጀመሪያ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ተገጣጠመ፤ የድርጅቱ ሰዎችም ከሎስ አንጀለስ ኒው ዮርክ በ76 ሰዓት ገደማ ገቡ። 210 ሰዓት የነበረው 76 ሆነ። በርግጥ ባትሪው ተሻሽሏል፤ ነገር ግን ያንኑ መኪና ጣቢያ በሌለበት መንገድ ላይ ብትነዱት ከፍሪችል የአንድ ወር ጉዞ ብዙም አይሻልም ነበር። አውሮፓ ውስጥም በ2017 ቢኤምደብልዩ፣ ዳይምለር፣ ፎርድና ቮልስዋገን ገበያ ላይ እየተናከሱም ቢሆን ለጣቢያ ሲሉ «አዮኒቲ» የሚባል የጋራ ድርጅት አቋቋሙ። ተፎካካሪዎች በመኪና ይጣላሉ፣ በማረፊያ ይስማማሉ።

ከእነዚህ ዓመታት የተገኘው የመንገድ ጥበብ በአጭሩ ይህን ይመስላል።

አንደኛ፣ ባትሪን መንገድ ላይ እስከ አፉ አትሙላ። ምክንያቱን ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል። ባዶ ሚኒባስ መጀመሪያ በሩጫ ይሞላል። ሦስትና አራት ወንበር ሲቀር ግን ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል፣ ሰው ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ጊዜ ይሄዳል። ባትሪም እንዲሁ ነው፤ ከ80 በመቶ በኋላ ያለው ሙሌት ይጎተታል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ለአጭር ጊዜ መቆም አንዴ ለረጅም ጊዜ ከመቆም ብዙ ጊዜ ይሻላል። ይህ የሚሆነው ግን ጣቢያዎቹ ከተቀራረቡ ነው።

ሁለተኛ፣ ፍጥነት ይበላል። የንፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የቀረህ ባትሪ ጣቢያው ጋ የማያደርስህ ከመሰለህ ቀስ በል። በቤንዚን መኪና ያልለመድነው ትሕትና ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ ማሽን ብቻ ያለበት ጣቢያ እንደሌለ ይቆጠር። ተበላሽቶ ልትደርስ ትችላለህ፤ መብራት ሄዶ ልትደርስ ትችላለህ። ሁልጊዜ «እዚያ ባይሆን የት?» የሚል ሁለተኛ ስም በኪስህ ይኑር። አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለዚህ ነው።

እሺ፣ ወደ ቤታችን

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። ይህን ያህል ርቆ የሄደ አገር በዓለም ላይ ከእኛ በፊት አልነበረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ ውኃ ግን ከራሳችን ተራራ ይወርዳል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ። ኃይሉ አለ፤ መኪናውም አለ። መንግሥት ከመቶ ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች ገብተዋል ይላል። በ2025 ኢትዮ ቴሌኮም አዲስ አበባ ውስጥ ፈጣን ጣቢያ ከፍቷል፤ ሌሎችም ከተማዋ ውስጥ እየከፈቱ ነው።

ከተማዋ ውስጥ! ጉዳዩ እዚህች ላይ ነው። ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ፈጣን ቻርጀር እምብዛም አያስፈልገውም። ማታ ቤቱ ይሰካታል፣ ጠዋት ይነቅላታል። ተራው የቤት ሶኬት በሰዓት ሁለትና ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢሰጥም ሌሊቱ ረጅም ነው። ፈጣን ቻርጀር የሚያስፈልገው ቤቱን ትቶ ለሄደ ሰው ነው። ለደብረ ማርቆስ፣ ለኮምቦልቻ፣ ለአዋሽ፣ ለወላይታ፣ ለነቀምት መንገደኛ።

የእኛ መንገድ ደግሞ የካሊፎርኒያ መንገድ አይደለም። የዓባይ በረሃን ውሰዱ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው፤ ከዚያ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ሽቅብ። ሁለት ቶን የምትመዝን መኪና 1,400 ሜትር ለመውጣት ብቻ 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትፈልጋለች። ይህ ሜዳ ላይ ወደ 45 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ኃይል ነው። ደስ የሚለው ነገር ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ዞሮ ባትሪውን ይሞላል፤ ጥሩ ከነዳችኋት ከሁለት ሦስተኛ ያላነሰው ሊመለስ ይችላል። ግን አንድ ወጥመድ አለ። ጎሃ ጽዮን ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ የሞላ ሰው ቁልቁለቱ የሚሰጠውን ስጦታ የሚያስቀምጥበት ቦታ አያገኝም። ስለዚህ ጥሩው ጣቢያ ከአፋፉ ይልቅ ደጀን ላይ፣ ዳገቱ ካለቀ በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የውጭ አገር አፕሊኬሽን ከመንገሩ በፊት የሲራራ ነጋዴ ይነግረን ነበር፤ «በቅሎህን ከአቀበት በፊት አታጥግብ፣ ከአቀበት በኋላ አሳርፍ» ብሎ።

የአዋሽም ነገር እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ ሲወረድ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀላል ነው፤ ከፍታው ከ1,300 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ሲመለሱ ያው 225 ሌላ መንገድ ሆኖ ይጠብቃል። «ሄጄበት የለ፣ ልመለስበት!» ያለ ሹፌር አዳማ ሳይገባ ላብ ያልበዋል።

ሌላም አለ፦ መሰኪያው። አገራችን ከገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸውና የሚሰኩት በቻይናው መስፈርት ነው። ሌሎቹ በአውሮፓው ይሰካሉ። ይህን ታሪክ በሐዲድ እናውቀዋለን። አሮጌው የጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ሐዲድ 1.435 ሜትር ነው። የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም። ጣቢያ ሲተከል ሁለቱንም መሰኪያ የሚይዝ ካልሆነ ግማሹ መንገደኛ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ማን ይመርጣል?

እንግዲህ ያዙልን ወዳልነው ነገር ተመለስን። ማረፊያን የሚመርጥ ከተማን ይመርጣል። ድሬዳዋ የተወለደችውና ሐረር ከመስመር የወጣችው ባቡሩ የት ይቁም በሚል ውሳኔ ነው። በቀጣዮቹ አሥር ዓመታት መንገደኛ ግማሽ ሰዓት የሚቆምባቸው ከተሞች የትኞቹ ይሆናሉ? መንገደኛ በቆመበት ቡና ይጠጣል፣ ምሳ ይበላል፣ ጎማ ያስነፋል፣ ለልጁ ሙዝ ይገዛል። የቤንዚን ሹፌር አምስት ደቂቃ ቆሞ ይሄድ ነበር፤ የኤሌክትሪኩ ሹፌር ሠላሳና አርባ ደቂቃ መቆሙ ግዴታው ነው። ለአንዲት ትንሽ ከተማ ይህ ገበያ ነው።

የታሪኩ ሌላኛው ፊት ደግሞ አለ። ከሕዝባችን ግማሽ የሚሆነው ዛሬም መብራት የለውም። ፈጣን ቻርጀር ብቻውን ለሰፈር የሚበቃ ኃይል ይስባል። አንዱ የባለ መኪና ጣቢያ ሲበራ አጠገቡ ያለችው ጤና ጣቢያ በሻማ የምታዋልድ ከሆነ፣ የሠራነው መንገድ ማንን እንደሚያደርስ መጠየቅ ይገባናል። በሌላ በኩል ለጣቢያው ተብሎ የመጣው ትራንስፎርመር ለጤና ጣቢያውም፣ ለወፍጮ ቤቱም እንዲተርፍ ተደርጎ ከታቀደ አንድ መስመር ሁለት ሥራ ሠራ ማለት ነው። ይህ የቴክኖሎጂ ጥያቄ አይደለም፤ ቴክኖሎጂው ካለ ቆይቷል። ዕቅድ አውጪው ጠረጴዛ ላይ ካርታ ሲዘረጋ ማን አጠገቡ ተቀምጧል የሚል ጥያቄ ነው።

ካልሆነ የ1910ሩ ታሪክ ሊደገም ይችላል። ያኔም የኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ መኪና ነበረች። የከተማ እመቤቶች መኪና ሆና ቀረች፣ ከዚያም ከከተማም ጠፋች። ከመቶ ዓመት በኋላ እኛ አገር ከቦሌ ሲኤምሲ፣ ከሲኤምሲ ቦሌ የምትመላለስ፣ ለፋሲካ አገር ቤት ለመሄድ ግን ከዘመድ ነዳጅ መኪና የምታስለምን ከሆነች ያው ናት። ልዩነቱ ያኔ ሰዉ ምርጫ ነበረው። አሁን የቤንዚኗ መኪና አትገባም።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ከእንግዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው ስታገኙ «በአንድ ቻርጅ ስንት ትሄዳለች?» ብላችሁ አታድክሙት። ይልቅ ወረዳችሁን፣ ከንቲባችሁን፣ መብራት ኃይልን፣ የመንገድ ሰዎችን አንዲት ነገር ጠይቁ፦ «ከዚህ እስከ ቀጣዩ ማረፊያ ስንት ነው?» ሲራራ ነጋዴ ከመነሣቱ በፊት የሚጠይቃት ጥያቄ ይህቺ ነበረች። በትክክል የሚመልስላት ያገኘ ሁሉ ደርሷል።

መልካም መንገድ!